«ኮሚቴው አሳለፈው» ሲባል ምን ተወሰነ? የአጎአ ዜናና የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴዎች አሠራር

ከጎሮ አለፍ ብሎ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክና ሠራተኞቹ ተከራይተው በሚኖሩባቸው ሰፈሮች፣ ከዋሽንግተን ከሚመጡ ዜናዎች አንዱ ከሌሎቹ በተለየ ጆሮ ይሰጠዋል። ይኸውም አጎአ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀውን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ የሚገኙ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ምርቶቻቸውን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅደውን ሕግ የሚመለከት ዜና ነው። የሕጉ የጊዜ ገደብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025፣ ማለትም መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ከደረሰ ወዲህ ስለ እድሳቱ የሚወጣው ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ «ኮሚቴው አሳለፈው»፣ «ኮንግረሱ ተቀበለው» እና «ኢትዮጵያ ተመለሰች» የሚሉ ሦስት የተለያዩ አባባሎች አንድ ነገር እንደሆኑ ተደርገው ሲነገሩ ይሰማል። የመጀመሪያው ከብዙ ደረጃዎች አንዱን ብቻ የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ከሁለቱ ምክር ቤቶች የትኛው እንደሆነ ካልተገለጸ ብዙ አይነግርም። ሦስተኛው ደግሞ በተለመደው አሠራር የኮንግረሱ ኮሚቴዎች የሚሰጡት ውሳኔ አይደለም።

ግራ መጋባቱ የአንባቢው ጥፋት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የሕግ አወጣጥ ሥራውን የሚያከናውነው በአብዛኛው በቴሌቪዥን በሚታየው ትልቅ አዳራሽ ሳይሆን በኮሚቴ ክፍሎች ውስጥ ስለሆነ፣ ዜናው ቶሎ ቶሎ የሚወጣው ከዚያው ነው፤ ኮሚቴው ውስጥ የሆነው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግን ዜናው አብሮ አያስረዳም።

ጉዳዩ በአንድ ቲሸርት ላይ ሲታይ

የአሜሪካ መደበኛ የቀረጥ ሠንጠረዥ ከጥጥ በተሠራ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠራ ቲሸርት ላይ ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ ያስከፍላል። ስለዚህ 5 ዶላር የተገመተ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ወደብ ሲደርስ ከ80 ሳንቲም በላይ፣ የሰው ሠራሽ ክሩ ደግሞ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይጨመርበታል። በአጎአ ተጠቃሚ ከሆነች አገር፣ ለምሳሌ ከኬንያ ወይም ከማዳጋስካር፣ የሕጉን መስፈርት አሟልቶ የሚገባው ተመሳሳይ ልብስ ሕጉ ሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ይህን ቀረጥ አይከፍልም። ገዢው ድርጅት በአንድ ቲሸርት ላይ የሚከራከረው በሳንቲሞች ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ትዕዛዙ ወደየትኛው አገር እንደሚሄድ ለመወሰን ከበቂ በላይ ነው። ትዕዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታየው የትርፍ ሰዓት ሥራ መቅረቱ፣ ቀጥሎም ስፌት ላይኖች አንድ በአንድ ሥራ መፍታታቸው ነው።

ኢትዮጵያ ከተጠቃሚነት የወጣችው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.) ጀምሮ ነው። ይህን የወሰኑት በወቅቱ ፕሬዝዳንት የነበሩት ጆ ባይደን ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ጋር ማሊና ጊኒም በተመሳሳይ ቀን ወጥተዋል። ይህ ቀን በቀጥታ ከአንድ የኮንግረስ ሕግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ረቂቅ ሕግ ወደ ኮሚቴ የሚሄድበት መንገድ

የአሜሪካ ኮንግረስ 435 ድምፅ ያላቸው አባላት የሚገኙበት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። አንድ ረቂቅ ሕግ ለመሆን ሁለቱም ምክር ቤቶች ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆነ ጽሑፍ ማጽደቅ አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ለፕሬዝዳንቱ ፊርማ ይቀርባል። ረቂቅ የማቅረብ መብት ያለው የምክር ቤቱ አባል ብቻ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ረቂቁን በጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ በተቀመጠ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጨምረዋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በአፈ ጉባኤው ስም፣ በተግባር ግን የምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት አማካሪ በሚሰጠው ምክር መሠረት፣ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ምንም አላጸደቀም። «ለኮንግረሱ ረቂቅ ቀረበ» የሚለው ዜና ከዚህ የዘለለ ትርጉም የለውም፤ በአንድ የሁለት ዓመት የሥራ ዘመን ከአሥር ሺህ በላይ ረቂቆች እንዲህ ይቀርባሉ፤ ሕግ ሆነው የሚወጡት ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው።

የትኛው ኮሚቴ ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ የአሠራር ዝርዝር ቢመስልም የረቂቁን ዕጣ የሚወስን ነው። አጎአን የሰማ ሰው ስለ አፍሪካ ስለሆነ የሚመለከተው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴን ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የጉዳዩ አስኳል ግን ቀረጥ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመንግሥትን ገቢ የሚነኩ ረቂቆች ከተወካዮች ምክር ቤት እንዲመነጩ ያዛል፤ በዚያ ምክር ቤት ታክስና ቀረጥን የያዘው ዌይስ ኤንድ ሚንስ የሚባለው ጥንታዊና ኃይለኛ ኮሚቴ ሲሆን፣ በሴኔት በኩል አቻው የፋይናንስ ኮሚቴ ነው።

የዚህን ክፍፍል ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 የታየ አንድ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ሴናተር ክሪስ ኩንስና ሴናተር ጂም ሪሽ አጎአን ለ16 ዓመታት፣ እስከ 2041 ድረስ፣ የሚያራዝም ረቂቅ አቀረቡ። ሁለቱም በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ውስጥ ክብደት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ መሆናቸውም ለረቂቁ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። ረቂቁ ግን የተመራው እነሱ ወዳሉበት ኮሚቴ ሳይሆን ወደ ፋይናንስ ኮሚቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሲያበቃም ሕግ ሳይሆን አብሮ ሞተ። «አጎአ እስከ 2041 ሊራዘም ነው» የሚለውን ርዕስ ብቻ ያነበበ ሰው መጨረሻውን ሳይሰማ ቀርቷል፤ ማንም ድምፅ ሰጥቶ ውድቅ ስላላደረገው ለዜና የሚሆን ነገርም አልነበረም።

በኮሚቴው ክፍል ውስጥ

የእያንዳንዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ካለው ፓርቲ ነው። የስብሰባውን አጀንዳ የሚይዘውም ሰብሳቢው ስለሆነ፣ ወደ እሱ ጠረጴዛ ከደረሱት ረቂቆች መካከል የትኛው እንደሚታይና የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚከርም የሚወስነው በዋናነት እሱ ነው። ለዚህም ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም። በተወካዮች ምክር ቤት ከኮሚቴ እጅ ረቂቅን አስገድዶ ለማውጣት የሚያስችል የማስለቀቂያ ፊርማ የሚባል መንገድ አለ፤ ይህ ግን ረቂቁ ለ30 የሥራ ቀናት ኮሚቴ ውስጥ ከቆየ በኋላ የ218 አባላትን ፊርማ የሚጠይቅ ስለሆነና የአብላጫው ፓርቲ አባላት በራሳቸው መሪዎች ላይ እንዲፈርሙ ስለሚያስገድድ የሚሳካው አልፎ አልፎ ነው።

ሰብሳቢው ረቂቁን ለማየት ከፈለገ በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የአስረጂ መድረክ ይጠራል። የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ የኩባንያ ተወካዮች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ምሁራን እየቀረቡ ይናገራሉ፤ አባላቱም በተራ በተራ፣ እያንዳንዳቸው በተለምዶ አምስት አምስት ደቂቃ እየተሰጣቸው ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ በብዛት የሚዘዋወሩት የቪዲዮ ቁራጮች ከእነዚህ መድረኮች የሚወሰዱ ናቸው። አንድ የኮንግረስ አባል በመድረኩ ላይ ኢትዮጵያን ቢያወድስም ሆነ ቢወቅስ ንግግሩ የእሱ አቋም ነው፤ መድረኩ በራሱ የሚወስነው ነገር የለም።

ቁም ነገሩ የሚሠራው ማርክአፕ በሚሉት የማረሚያ ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው ረቂቁን ያስነብባል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የሚተካ አዲስ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። አባላቱ ይህ ቃል ይውጣ፣ ይህ አንቀጽ ይግባ እያሉ ማሻሻያ ያቀርባሉ። በእያንዳንዱ ላይ በመጀመሪያ በድምፅ «የሚደግፉ»፣ «የሚቃወሙ» ተብሎ ይጠየቃል፤ አንድ አባል ስም ይጠራልኝ ሲል ጸሐፊው የእያንዳንዱን አባል ስም እየጠራ መልሱን ይመዘግባል። በዚህ መልክ የተስተካከለው ረቂቅ አብላጫ ድምፅ ካገኘ ኮሚቴው ለሙሉው ምክር ቤት እንዲቀርብ ያሳልፈዋል፤ በተለምዶም አንቀጾቹን የሚያብራራ ሪፖርት ያያይዝበታል። «ኮሚቴው አሳለፈው» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ከጥቂት አሥርት የማይበልጡ አባላት በግማሽ መንገድ ላይ የሰጡት የውሳኔ ሐሳብ።

ያም ሆኖ ይህን ደረጃ አቅልሎ ማየት አይገባም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ደረጃዎች በአብዛኛው እሺ ወይም እምቢ የሚባልባቸው ናቸው፤ ቃላቱ የሚለወጡበት ዋናው ቦታ ኮሚቴው ነው። በንግድ ሕግ ደግሞ ከድጋፉ መጠን ይልቅ ቃላቱ ይበልጣሉ።

ከኮሚቴ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ

በተወካዮች ምክር ቤት ከኮሚቴ የወጣ አከራካሪ ረቂቅ ወደ ምልዓተ ጉባኤ ከመድረሱ በፊት ሌላ ኮሚቴ ይጠብቀዋል። ሩልስ የሚባለው ይህ ኮሚቴ ክርክሩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ማሻሻያ ማቅረብ ይቻል እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስናል፤ አባላቱ በብዛት ከአብላጫው ፓርቲ ስለሆኑና እነዚህን የሚመርጣቸውም አፈ ጉባኤው ስለሆነ፣ የአመራሩ እጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ብዙም ተቃውሞ የሌለበት ረቂቅ በአንጻሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጸድቅበት አቋራጭ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። በሴኔት እንዲህ ያለ በር ጠባቂ ኮሚቴ የለም፤ በምትኩ ሥራው የሚቀላጠፈው በሙሉ ስምምነት ስለሆነ አንድ ሴናተር ብቻውን ተቃውሞ በማሰማት ነገሩን ሊያጓትተው ይችላል። ፊሊበስተር የሚባለውን ክርክርን የማራዘም መብት ለመግታት ደግሞ 60 ድምፅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ በሁለት አጋጣሚዎች በቅርብ ተከታትለውታል። የመጀመሪያው በኢትዮጵያ ስላለው የሰብዓዊ መብት አያያዝ የቀረበውና ኤችአር 128 በሚል ስም የታወቀው የውሳኔ ሐሳብ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሳለፈው በኋላ ወደ ምልዓተ ጉባኤ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበት ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ጸደቀ። ይህ ሰነድ ግን ከአፈጣጠሩ የአንድ ምክር ቤት አቋም መግለጫ እንጂ ሕግ አልነበረም፤ ወደ ሴኔትም ወደ ፕሬዝዳንትም የሚሄድ አልነበረም። ፖለቲካዊ ክብደት ነበረው፤ የሚያስገድደው አካል ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ከሰሜኑ ጦርነት ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰልፍና ብዙ ደብዳቤ ያስከተለው ኤችአር 6600 እና በሴኔት በኩል የነበረው ኤስ 3199 ነው። እነዚህ ቢጸድቁ ኖሮ ማዕቀብን ጨምሮ አስገዳጅ ውጤት የሚኖራቸው ረቂቅ ሕጎች ነበሩ። በየምክር ቤታቸው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴዎች ዘንድ ታይተዋል፤ ሁለቱም ግን ሕግ ሳይሆኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 የ117ኛው ኮንግረስ ዘመን ሲያበቃ አከተሙ። ባላለቀ ረቂቅ ላይ አዲሱ ኮንግረስ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ደጋፊ ካለው በአዲስ ቁጥር ከሀ ይጀምራል። በእነዚያ ወራት ረቂቆቹ ጸድቀው ሥራ ላይ እንደዋሉ አድርገው የሚናገሩም፣ ተሸንፈው ውድቅ እንደተደረጉ የሚናገሩም ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱም አልሆነም።

የጨርቁ ክርክርና የአስታራቂው ኮሚቴ

ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ጉዳይ ላይ የተለያየ ጽሑፍ ካጸደቁ ልዩነቱን የሚያጠብ መንገድ ያስፈልጋል። የቆየው መንገድ ከሁለቱም የተውጣጡ አባላት የሚቀመጡበት ጊዜያዊ የአስታራቂ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። የአጎአ ልደት ራሱ የዚህ ኮሚቴ ሥራ ውጤት ስለሆነ፣ ለቦሌ ለሚ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ጽሑፍ የአፍሪካ ልብስ ሰፊዎች ጨርቁን ከየትም ቢያመጡ ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ የሚያስችል ለጋስ ረቂቅ ነበር። ሴኔቱ ያጸደቀው ግን የአሜሪካን የክርና የጨርቅ አምራቾች ፍላጎት የጠበቀና ልብሱ ከአሜሪካ ጨርቅ እንዲሰፋ የሚጠይቅ ነበር። ከአሜሪካ ጨርቅ በመርከብ አምጥቶ፣ አፍሪካ ውስጥ ሰፍቶ፣ መልሶ ወደ አሜሪካ መላክ ለአብዛኞቹ አገሮች የማያዋጣ ስለሆነ፣ የሴኔቱ ቃል ቢጸና ኖሮ ዕድሉ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር። አስታራቂው ኮሚቴ መካከለኛ መንገድ አበጀ። በአፍሪካ ውስጥ የተሠራ ጨርቅ በመጠን ጣሪያ ተገድቦ እንዲፈቀድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከ1,500 ዶላር በታች ለነበረ አገሮች ደግሞ ከሦስተኛ አገር፣ ለምሳሌ ከቻይና ወይም ከሕንድ፣ በመጣ ጨርቅ የተሰፋ ልብስም ለተወሰኑ ዓመታት ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ተስማማ። የተስማሙበት ጽሑፍ በሜይ 2000 በተወካዮች ምክር ቤት በ309 ለ110፣ በሴኔት በ77 ለ19 አለፈ፤ ፕሬዝዳንት ክሊንተንም በዚያው ወር በ18ኛው ቀን ፈረሙበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጨርቅ ምርት ከስፌቱ አቅም ጋር ሳይመጣጠን የልብስ ፋብሪካዎች ሊከፈቱ የቻሉት በዚህ አንቀጽ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንቀጹ ግን ከዋናው ሕግ የተለየ፣ አጠር ያለ የጊዜ ገደብ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ2006 እና በ2012 እየተራዘመ ነው የቆየው። በተለይ በ2012 በሴኔት በኩል ተቃውሞ የገጠመው አፍሪካን የሚጠላ ሰው ስለነበረ አልነበረም፤ ቀረጡ ሲቀር ከመንግሥት ካዝና የሚጎድለው ገቢ በምን ይካካሳል የሚል ጥያቄ ስለተነሣ ነው። የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ በኦገስት መጀመሪያ ላይ ጸደቀ። እስከዚያ ድረስ ግን በበርካታ አገሮች ያሉ ፋብሪካዎች የትዕዛዝ መቀዛቀዝ ገጥሟቸው ነበር፤ ገዢዎች ሕጉ እስኪያልቅ ሳይሆን ያልቃል ብለው ሲሠጉ ነው እጃቸውን የሚሰበስቡት።

ኢትዮጵያን የሚመለከተው ኮሚቴ ሌላ ነው

አጎአ መኖሩ አንድ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ በውስጡ መኖሯ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮንግረሱ በሕጉ ውስጥ መስፈርቶችን አስቀመጠ፦ የገበያ ኢኮኖሚ፣ የሕግ የበላይነት፣ የሠራተኞች መብት፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ ሰብዓዊ መብቶችን በከፋ ሁኔታ አለመጣስና የመሳሰሉት። መስፈርቱን ማን ያሟላል፣ ማን አያሟላም የሚለውን በየዓመቱ የመወሰን ሥልጣን ግን ለፕሬዝዳንቱ ሰጠ። ፕሬዝዳንቱን የሚያማክረው በአሜሪካ የንግድ ተወካይ ቢሮ የሚመራና ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ የባለሙያዎች ንዑስ ኮሚቴ ነው። ይህ አካል በየዓመቱ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፤ የአስረጂ መድረክም ያካሂዳል። ስሙም ኮሚቴ ስለሆነ፣ መድረክም ስለሚያካሂድ፣ «ኮሚቴው የኢትዮጵያን ጉዳይ ተመለከተ» የሚል ዜና ሲወጣ ከኮንግረሱ ኮሚቴ ጋር መምታታቱ የሚጠበቅ ነው። አንዱ የአስፈጻሚው፣ ሌላው የሕግ አውጪው ነው።

የዚህ ተግባራዊ ውጤት ቀላል አይደለም። ኮንግረሱ አጎአን ለአጭርም ሆነ ለረጅም ጊዜ ቢያራዝም ኢትዮጵያ በዚያ ብቻ አትመለስም። በአንጻሩ ለመመለሷ የኮንግረስ ድምፅ አያስፈልጋትም። ማዳጋስካር እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የሥልጣን ነጠቃ በኋላ ወጥታ በ2014፣ ሞሪታንያ ደግሞ በ2019 ወጥታ በ2024 የተመለሱት በፕሬዝዳንት ውሳኔ ነው።

ይህ ማለት ኮንግረሱ በዚህ ጉዳይ እጁ የለበትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉ እስከ 2025 ሲራዘም፣ ፕሬዝዳንቱ አንድን አገር ከማስወጣቱ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ ለኮንግረሱና ለአገሪቱ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ ገባ። ፕሬዝዳንት ባይደን ኢትዮጵያን የማስወጣት ሐሳባቸውን ያሳወቁት ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ነው፤ ከዚያ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ያለው ጊዜ ልክ 60 ቀን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ውሳኔውን ለማስቀየር በይፋ የተሟገተባቸው እነዚያ ሁለት ወራት የተገኙት ስድስት ዓመት ቀድሞ ከገባ አንድ አንቀጽ ነው።

ውሳኔው ተገቢ ነበር ወይ በሚለው ላይ አሁንም ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው ወገን የንግድ ዕድል ከሰብዓዊ መብት ጋር ካልተያያዘ መስፈርቱ ትርጉም አይኖረውም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዕርምጃው ውሳኔ ሰጪዎቹን ሳይሆን በጦርነቱ ምንም ድርሻ ያልነበራቸውን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ የፋብሪካ ሠራተኞችን የመታ ነው ይላል። በዚህ ጸሐፊ ዕይታ የሁለተኛው ወገን ማስረጃ በቦሌ ለሚ ዙሪያ በግልጽ የሚታይ ነው፤ የመጀመሪያው ወገን የሚያነሣው ጥያቄም ግን በዚህ ብቻ መልስ አያገኝም።

የኮሚቴዎቹ ኃይል ላይ ያለው ክርክር

ኮሚቴዎች ለምን ይህን ያህል ሥልጣን ያዙ የሚለው በአሜሪካም የቆየ ክርክር ነው። ደጋፊዎቹ 435 ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የቀረጥ ሠንጠረዥ ሊያርም አይችልም፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ዓመታት የቆዩ አባላትና ቋሚ የባለሙያ ሠራተኞች ያሉበት ትንሽ አካል ያስፈልጋል ይላሉ። ነቃፊዎቹ በበኩላቸው አንድ ሰብሳቢ የብዙኃኑን ፍላጎት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀረው መቻሉን፣ ኮሚቴው የሚቆጣጠረው ኢንዱስትሪም ለኮሚቴው አባላት የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ የሚያዋጣ መሆኑን ያነሣሉ። የ1999ኙ የጨርቅ ክርክር ሁለቱንም ወገን የሚደግፍ ነው። የአምራቾቹ ግፊት በሴኔቱ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ታይቷል፤ መውጫውን ያበጁትም በጉዳዩ ላይ የሠለጠኑ የኮሚቴ ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛ አስተያየት ደግሞ አለ፤ ኮሚቴዎቹ እንደ ድሮው አይደሉም የሚል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤትን አብላጫ ሲይዙ በሰብሳቢዎች ላይ የስድስት ዓመት ገደብ ጣሉ፤ ሥልጣን ቀስ በቀስ ወደ ፓርቲ አመራሮች ተሸጋገረ። የአስታራቂ ኮሚቴ ዛሬ ብዙም አይቋቋምም፤ አመራሮቹ ተደራድረው ያለቀ ጽሑፍ ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ይመላለሳል፣ ወይም ትናንሽ ሕጎች በትልቅ የበጀት ወይም የታክስ ሕግ ላይ ተለጥፈው ያልፋሉ። የ2006ቱ የአጎአ ማሻሻያ ያለፈው ከጤናና ከታክስ ጉዳዮች ጋር በአንድ ጥቅል ነው። ከዚህም ባሻገር ፕሬዝዳንት ትራምፕ በኤፕሪል 2025 በአብዛኞቹ አገሮች ላይ የጣሉት የ10 በመቶ መነሻ ታሪፍ በየትኛውም ኮሚቴ ያላለፈ የፕሬዝዳንት ትዕዛዝ ነበር፤ ሥልጣኑ የኮንግረሱ ነው የሚሉ ወገኖችም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል።

ከእኛ ምክር ቤት ጋር ሲተያይ

የኢትዮጵያን ፓርላማ የሚከታተል አንባቢ የአሜሪካውን በራሱ ልምድ ለመረዳት መሞከሩ ተፈጥሯዊ ነው፤ ልምዱ ግን እዚህ ላይ ያሳስተዋል። በኢትዮጵያ አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ የሚመነጨው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን «ለዝርዝር ዕይታ» ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ሲመራው፣ ኮሚቴው አስረጂዎችን ጠርቶ፣ አንዳንድ አንቀጽ አሻሽሎ፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ እንደሚመለስ ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜም ይመለሳል፤ ይጸድቃልም። ስለዚህ እዚህ «ለኮሚቴ ተመራ» ማለት በተግባር «በመንገድ ላይ ነው» ማለት ነው። በዋሽንግተን ግን አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው እዚያው የተመራበት ኮሚቴ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ምክር ቤቶች የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓርላማ ሕግ መወሰኛና ሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ዛሬ ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን ሕገ መንግሥትን የመተርጎም፣ የክልሎችን የድጎማ ቀመር የመወሰንና የመሳሰሉ ሥራዎች እንጂ በመደበኛው የአዋጅ አወጣጥ ድርሻ የለውም፤ በመሆኑም የሚታረቅ ሁለት ጽሑፍ አይኖርም። ርዕሰ ብሔሩም ቢሆን አዋጁን በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመበት ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ግን ሊመልሰው ይችላል፤ ይህን ለመሻር የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ለፋብሪካዎቹ ምን ማለት ነው

የእድሳት ዜና ሲወጣ ቀድሞ መታየት ያለበት ጽሑፉ በየትኛው ምክር ቤት፣ ዌይስ ኤንድ ሚንስ ዘንድ ወይስ ፋይናንስ ዘንድ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ነው። ቀጥሎ የሚታየው የእድሳቱ ርዝመት ነው። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት እድሳት አሁን ያሉ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ እንዳያጡ ይረዳ ይሆናል፤ አዲስ ላይን ለመትከልና ሠራተኛ ለማሠልጠን ገንዘብ የሚያወጣ ባለሀብት ግን ወጪውን ለመመለስ ከዚያ የረዘመ ዋስትና ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ የሦስተኛ አገር ጨርቅ አንቀጽ በጽሑፉ ውስጥ ከነጊዜ ገደቡ መካተት አለመካተቱ ነው፤ ዋናው ሕግ ታድሶ ይህ አንቀጽ ቢቀር ጨርቁን ከውጭ የሚያስመጣ የልብስ ፋብሪካ የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ መመለስ ግን በሌላ መዝገብ ላይ ያለ ጉዳይ ነው። የንግድ ተወካይ ቢሮው ዓመታዊ ግምገማውን ሲጀምር የጽሑፍ አስተያየት የሚቀበልበትን ቀነ ገደብ በይፋ ያወጣል፤ መንግሥታት፣ ኩባንያዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ግለሰቦችም ጭምር ሐሳባቸውን ማስገባት ይችላሉ። የግምገማው ውጤት በአብዛኛው የሚታወቀው በዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለውም በተለምዶ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ገዢዎች ለቀጣዩ ወቅት ልብስ ትዕዛዝ የሚሰጡት ወራት ቀድመው ስለሆነ፣ በጎ ውሳኔ ቢሰጥ እንኳ ውጤቱ ስፌት ላይኖቹ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ብዙ ወራት ዘግይቶ ነው።